የቢሊሴ ስልክ የቱ ይሁን

ውድ ወንድሜ ጉዲሳ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ ወይስ ዛሬም ሐኪም ቤት ነገ እሄዳለሁ እያልክ ነው? ባለቤትህ ዕፀገነትስ፣ የዱባይ ሙቀት አልበረታባትም? ልጃችሁ ኢያሱ አሁንም ከሩዝ ሌላ አልቀምስም ይላል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአቧራውና ከመብራት መጥፋቱ በቀር ደህና ነን። ቡልቡላን ብታያት አታውቃትም። አባታችን ጤፍ ይዘራበት የነበረው ሁሉ ፎቅ ሆኗል፤ ከብት እናጠጣበት በነበረው ቦታ ላይ አሁን ታክሲ ተራ አለ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩን ስላላመንኩት ነው። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ጎረቤቴ አስመረት ናት፤ ለሱቋ ዕቃ ልታመጣ ወደ ዱባይ ስለምትመጣ። አምናታለሁ፤ ቢሆንም ፖስታውን አሽጌ በማሸጊያው ላይ ፈርሜበታለሁ። ፊርማዬ ተቀድዶ ከደረሰህ ሳትደብቅ ንገረኝ።

ለልጄ ለቢሊሴ የሰርግ ስጦታ አይፎን ይሁን ሳምሰንግ ብለህ ከጠየቅከን ጀምሮ ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ባለቤቴ ሁንዴ የሳምሰንግ ወገን ነው። ዘፈን ከሰው ላይ በብሉቱዝ የማይቀበል፣ ባትሪው ሲያልቅ የጎረቤት ቻርጀር የማይገባለት ምኑን ስልክ ሆነ ይላል። ቢሊሴ ደግሞ ቦሌ ካፌ የሚቀመጡ ጓደኞቿ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖሩት አይፎን ነው ትላለች። እኔ ሁለቱንም አላመንኩም።

እኛ ስንከራከር እጮኛዋ ሌንጮ ቀደመህ። ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ ሱቅ ሁለት አይፎን ገዝቶ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለእሷ አመጣ፤ ያውም ተከፍቶ፣ ሁሉ ነገር ተስተካክሎ። እዚህ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ አይፎን ሲከፈት የሚጠይቀውን አካውንት የሚያወጣልን ባለሱቁ ነው። የይለፍ ቃሉ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ አመስግነን ይዘን እንሄዳለን። ቢሊሴም አልጠየቀችም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ መጣ። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዘንድ ስትሄድ ሌንጮ ደውሎ እዚያ ከማን ጋር ነሽ ይላታል። ሌላ ቀን ደግሞ ቦሌ መድኃኔዓለም ቅዳሴው ሳያልቅ ለምን ወጣሽ አላት። ወንድሜ፣ እኔ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። የታክሲውን ረዳት ጠረጠርኩ፣ አስመረትን ጠረጠርኩ፣ እንዲያውም አንድ ሰሞን ሁንዴን ሳይቀር በጎሪጥ ሳየው ከረምኩ። ለካ ልጄ የጠረጠረችው እኔን ኖሯል።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ አይደል የምትነግሪው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል።

ምን ልበላት? ስትወጣ የት እንደምትሄድ የምትነግረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ወሬ እንደምወድም ሰፈር ያውቃል። ማልኩላት፤ አላመነችኝም። ከዚያ ወዲህ ወጥታ ስትገባ ደህና ዋላችሁ ብቻ ሆነ። ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል፣ ከእኔ ጋር ደግሞ አትነጋገርም። ይህ ነው ያከሳኝ።

ያዳነኝ የሌንጮ የራሱ ሥራ ነው። ለሥራ አዳማ ነኝ ያለ ዕለት፣ ቢሊሴ ስልኳ ላይ ያላነሳችው ፎቶ ገብቶ አገኘች። የኛ በር ነው፣ ከራሱ ከሌንጮ መኪና ውስጥ የተነሳ። እኔና አስመረት በሩ ላይ ቆመናል፤ እኔ የዚያኑ ዕለት የለበስኩትን የቤት ቀሚስ ለብሼ፣ አፌን ከፍቼ አወራለሁ። ቢሊሴ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

ተያይዘን ሃያ ሁለት ሄድን። ባለሱቁ ዓለምሰገድ የሚባል ለስላሳ ሰው ነው። ነገሩን ሳይደብቅ አስረዳን። ሌንጮ ሁለቱንም ስልክ በአንድ አካውንት ክፈትልኝ፣ ባልና ሚስት ነን ብሎት ነው። እሷ የምትሄድበት በእሱ ስልክ ካርታ ላይ ይታያል፤ ነገር ግን እሱ የሚያነሳው ፎቶም ወደ እሷ ይመጣል። ይህን ሁለተኛውን ሌንጮ አላወቀም ነበር።

ሌንጮ ቤታችን መጥቶ ስትጠይቀው አልካደም። «የምትደብቂው ከሌለሽ ምን አስፈራሽ?» አላት።

«የምደብቀው የለኝም። እናቴን ግን ጠላኋት» አለችው። ስልኩን ከነካርቶኑ፣ ቀለበቱን ላዩ ላይ አድርጋ ሰጠችው።

አሁን ዘመዶቹ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ሁንዴ እንኳ ስለሚወዳት ነው እያለ ይለሳለሳል። እኔ ግን በራችንን ከውጭ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው፣ አግብቶ ከውስጥ ሲቆልፈው ምን ይሆናል እላለሁ። አንተ አጎቷ ነህ፤ ሁንዴ አንተን ይሰማል። ልጅቷ ጨርሳለች በልልኝ፣ ማንም አይጎትጉታት።

ስልኩን በተመለከተ፣ ቢሊሴ አይፎን ይሁንልኝ ብላለች። እኔ ገርሞኝ ነበር። ስልኩ ምን አደረገኝ፣ የከፈተው ሰው ነው እንጂ አለችኝ። ስለዚህ እንደታሸገ ላክ፤ አንተም እንኳ ለማየት ብለህ እንዳትከፍተው። ሰርግ ባይኖርም ስጦታው አይቅር።

ለዕፀገነት ሰላምታዬ ይድረሳት፤ በርበሬው ከአስመረት ጋር ነው። ኢያሱን ጉንጩን ሳምልኝ። ሁንዴ ሰላም ብሎሃል፤ የዘፈኑን ክርክር አልተወም። ቢሊሴም አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አዲሱን ስልክ ራሷ ልትከፍተው ነው፤ የይለፍ ቃሉን ለማንም፣ ለአንቺም አልነግርም አለችኝ። ደግ አደረግሽ አልኳት። ምን ብላ ይሆን እያልኩ ግን እገምታለሁ።

እህትህ ጫልቱ
ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.