አባትሽ የቆሙበት ቃል

ልጄ ረህማ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሸሽግሽ፤ የጅዳ አሠሪዎችሽን ልብ ያራራልሽ። ደህና ነን ብዬ አልዋሽሽም፤ የሆነውን ልንገርሽ።

ጁምዓ ዕለት ጎረቤታችን ነሲባ ለሟች እናቷ ዱዓ ጠርታን አባትሽ ቁርአን ይቀሩ ነበር። «ፈወይሉን ሊልሙሶሊን» ብለው ቀጥ አሉ። «ለሰጋጆች ወዮላቸው» ማለት እኮ ነው! ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን «ላ» ታውቂያታለሽ፤ አትቁም የምትል ምልክት ናት። ሶላታቸውን ለሚዘነጉት መሆኑ ካልተጨመረ፣ የሚሰግደው ሁሉ ይረገማል። ያስተማሩሽ እሳቸው ናቸው።

«ሸሁ ጠፋባቸው» ብሎ ሰው ተንሾካሾከ።

እኔ ከሴቶቹ መሀል ዘልዬ ተነሳሁ። «አልጠፋባቸውም! እሳቸው እዚህ አይቆሙም፤ አሟቸዋል!» ብዬ ጮህኩ። ከወንዶቹ የሚለየንን መጋረጃ ስገልጠው አፋቸው ወደ ግራ ተጣሟል።

የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ጻፈልን፤ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ ደባርቅ የደረሰ የጭነት መኪና ጎንደር አደረሰን። ሐኪሙ «ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል፤ ብትዘገዩ አይተርፉም ነበር» አለኝ።

ደባርቅ ከተመለስን በኋላ ትናንት እየተንተባተቡ ያችን ቦታ ሳይቆሙ አለፏት። አለቀስኩ።

እመጣለሁ እንዳትይ፤ ዘመኑ መንገደኛ አይወድም። ቁርአን ስትቀሪ ድምፅሽን በካሴት ቀድተሽ በሰው ላኪልን፤ አባትሽ ስምሽን እየጠሩ ጆሯቸውን ወደ በሩ ይሰጣሉ። አላህ ለዓይናቸው ያብቃሽ።

እናትሽ ዘምዘም