ከመረገጡ በፊት የለካሁት ባና

ይድረስ ለልጄ ለየምሥራች፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? አክስትሽ ብርነሽ፣ ባሏ መኳንንት፣ ልጆቻቸውስ ደኅና ናቸው? የአዲስ አበባው ምግብ ተስማማሽ ወይስ አሁንም ቁርስ ሳትበዪ ነው የምትሮጪው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ጾሙን እንደ ልማዷ ይዛለች። ከወንድምሽ ከአንዷለም ጋር በሂሳብ ውጤቱ ምክንያት ተኮራርፈናል። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት በግምገማ ላይ «መምህሩ ተማሪ ያስጨንቃል» ተብሎ ተጽፎብኛል። አልካድሁም።

ይህን የምጽፍልሽ በየካቲት የላክሁልሽን ደብዳቤ ለመሻር ነው። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትሽ ግራፊክስ ምረጪ፣ የሽመናውንና የጨርቅ ንድፉን ክፍል ተዪ ብዬሽ ነበር። «አንድ ካሬ እንኳ እኩል አድርጎ መሣል ያልቻለ ሰው የጨርቅ ንድፍ እማራለሁ ማለቱ ድፍረት ነው» ብዬም ጽፌአለሁ። እኔ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ አንቺም የምትረሺው አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለገና መጥተሽ ለሸማኔው ለወዳጆ የተውሽለትን ባለ ካሬ ንድፍ ይዞ፣ እናትሽ የፈተለችውን ጥቁርና ነጭ የበግ ጸጉር ድርና ማግ አድርጎ ባናውን ጀመረ። እኔ ሜትሬን ይዤ ሄድሁ። የእያንዳንዱ ካሬ ወርድ አሥራ ስምንት፣ ቁመቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ወርድና ቁመቱ እኩል የሆነ አንድም የለም። ተናድጄ ቤት ገባሁና ያንን ጻፍሁ። ሁሉም በአንድ መጠን መሳሳታቸውን አይቼ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ባናው ተጠናቀቀ። ወዳጆ የሚያግዘው ሰው ቀርቶበት ለመርገጥ እኔን ጠራኝ። ባና ከሽመናው ሲወርድ ገና ባና አይደለም፤ ስስ ነው፣ ነፋስ ያሳልፋል። ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ሲረገጥ ነው ተሰብስቦ የሚወፍረው። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁበት። «መምህር፣ ይኼ ጥቁር ሰሌዳ አይደለም፤ ተረከዝዎን ያሳርፉ» እያለ ግማሽ ቀን ሲያላግጥብኝ ዋለ። ጎረቤቱም ለማየት አጥር ላይ ተደገፈ።

ሰኞ ሲደርቅ ለካሁት። ወርዱ አሥራ አምስት፣ ቁመቱ አሥራ አምስት። አላመንሁም፤ ሠላሳ ስድስቱንም አንድ በአንድ ለካሁ። የግማሽ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ያገኘሁት በአንድ ጥግ ብቻ ነው። ወዳጆ «እሱ እርስዎ የረገጡበት ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው የነገረኝ። ለካስ በዕረፍትሽ እሱ ቤት እየዋልሽ ሦስት ባናዎች ከመረገጣቸው በፊትም በኋላም ለክተሽ፣ በወርድና በቁመት ስንት ስንት እንደሚሰበሰቡ ጽፈሽ፣ ንድፉን በዚያ ልክ ነው የሠራሽው። «ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» ስለው «ልጅዎ ጠየቀችኝ፣ ነገርኋት። እርስዎ ሜትር ይዘው መጡ እንጂ መች ጠየቁኝ?» አለ።

የምሥራች፣ እኔ በባና ተጠቅልዬ ያደግሁ የመንዝ ልጅ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሂሳብ ተምሬአለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። አንድም ቀን ይህ ጨርቅ ሲረገጥ በስንት ይሰበሰባል ብዬ አላሰብሁም። አንቺ ጠየቅሽ፣ ለካሽ፣ ከዚያ ሣልሽ። ሥራሽ ከእኔ ሥራ የጠራ ነው። ስለ ውበቱ መናገር አላውቅበትም፤ እናትሽ ግን ሁለት ቀን ሙሉ እያጠፈች ስትዘረጋው ዋለች።

ብርነሽ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ቅጹ ላይ ግራፊክስ ብለሽ ሞልተሽ፣ ሳታስገቢው በቦርሳሽ ይዘሽ ትዞሪያለሽ። ምርጫው መጋቢት 15 ይዘጋል። ስለዚህ ነገ ጧት በአውቶቡስ ለሚሄደው ባልደረባዬ ለአወቀ ይህን ደብዳቤና ባናውን እሰጠዋለሁ። ቅጹን ቅደጂና ሌላ አስመጥተሽ የልብሽን ሙዪ። ግራፊክስን ራስሽ ከወደድሽው መልካም፤ አባቴ አዞኝ ነው ግን አትበዪ። የእኔን ስሕተት ዕድሜሽን ሙሉ እንድትሸከሚው አልፈልግም። የመምህር ልጅ ሸማኔ ሆነች የሚል አይጠፋም። ለእሱ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ መልስ መስጠት ደግሞ አያቅተኝም።

እናትሽ ጥሩሸዋ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ሌላ ጸጉር መፍተል ጀምራለች። አንዷለም ናፍቃኛለች ይላል፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቱ ነው የሚለው። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ አማኑኤል በጸሎት ያስቡሻል። ለብርነሽና ለመኳንንት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጆቹንም ሳሚልኝ።

ወዳጆም ሰላም ብሎሻል። ለገና ሽመናው ላይ ልቀመጥ ብትዪው «ሴት ስትፈትል እንጂ ስትሸምን አላየንም» ብሎ እንደመለሰሽ ራሱ ነገረኝ። ዛሬ ደግሞ የሽመናው ጉድጓድ ለእሱ እግር የተቆፈረ ስለሆነ ላንቺ እንደሚጠልቅብሽ፣ ለክረምት ከጎኑ ሌላ እንደሚቆፍርልሽ ንገራት ብሎኛል። ከጉልበትሽ እስከ ተረከዝሽ ስንት እንደሆነ ይፈልጋል። ጫማሽን አውልቀሽ ለኪና ጻፊልኝ።

አባትሽ በዕውቀቱ

ሞላሌ፣ መጋቢት 9 ቀን 1996 ዓ.ም.