በሦስት ቁጥር መኪና ላይ አልነበርሽም

ውድ ሲስተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለብሽን ልንገርሽ፤ እሱን ካነበብሽ በኋላ ቀሪውን ብትተዪው አልፈርድብሽም። አናጺው በሞተበት ቀን በሦስት ቁጥር አምቡላንስ ላይ አልነበርሽም። ይህን የማውቀው ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፤ ያኔም አውቅ ነበር። ስምሽን ከሦስት ቁጥር ትይዩ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት በአንድ ቁጥር መኪና ወላድ ይዘሽ እንደሄድሽ የሚያሳየውን የርክክብ ቅጽ ከፋይሉ አውጥቼ ቤቴ የወሰድኩትም እኔ ነኝ። የሙያ ፈቃድሽ ለሁለት ዓመት የታገደው በእኔ ምክንያት ነው።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬዋለሁ። በመጀመሪያው «ሥራ አስኪያጁ አዘዘኝ» ብዬ ነበር። እውነት ነው፣ አዞኛል። ግን ተማሪ አጥፍቶ «እሱ ነው አድርግ ያለኝ» ሲለኝ ምን እመልስለት እንደነበር ትዝ አለኝና ቀደድኩት። ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ፤ የማውቀው የአጻጻፍ ስልት ይኸው ብቻ ነው።

የአምቡላንስ ድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ቤቴ መጣና «ቲቸር፣ ቁጭ ብለው ግድግዳ ከሚቆጥሩ መጥተው ወረቀቶቼን መልክ ያስይዙልኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። የሚፈልገኝ ሰው የጠፋ መስሎኝ ነበር። ቢሮው ስገባ የስምሪት ወረቀቱ ሁሉ በሁለት የሳሙና ካርቶን ታጭቆ አገኘሁት። በሳምንቱ ካርቶኖቹን ጥዬ መዝገብ አዘጋጀሁ፤ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ለመኪናው፣ ለሾፌሩ፣ ለባለሙያው፣ ለሰዓቱ ለየብቻ ሣጥን ያለው። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ባዶ ሣጥን መተው ክልክል ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

አንቺ አይተሽው ሳቅሽ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ሰዎች ነን፤ ክፍት ቦታ ሙላ አደረጉን!» አልሽኝ። እኔም ሳቅሁ። ቀዩን ጽሑፍ ግን አልሰረዝኩትም።

ደንቡን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከሾፌሩ ሌላ የሠለጠነ ባለሙያ ያልተሳፈረበት አምቡላንስ ከግቢ መውጣት አይችልም። እኛ አራት መኪና ነበረን። ባለሙያዎቹ ግን አንድ በአንድ እየለቀቁ ሁለት ብቻ ቀራችሁ። መዝገቤ ደግሞ «የለም» ተብሎ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ።

«ዛሬ ለአራት ቁጥር ባለሙያ የለም። ምን ልጻፍ?»

«ማስታወቂያ አውጥቻለሁ፣ ቲቸር። በዚህ ሳምንት ሰው ይገኛል። እስከዚያ የለቀቀውን ልጅ ስም ይጻፉ።»

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር የቀረ ልጅ ተገኝቷል ብዬ ምልክት አድርጌ አላውቅም። ርእሰ መምህሩ ስለ ገዛ ልጁ ሲለምነኝ እንኳ አላደረግሁትም። ያን ቀን ግን ጻፍኩ። እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አነሳሁት። በሁለተኛው ሳምንት አንዴም አላስቀመጥኩትም። በወሩ ደግሞ የሳምንቱን ስም በሙሉ ሰኞ ጠዋት አስቀድሜ መሙላት ጀመርኩ፤ ልክ እንደ ትምህርት ዕቅድ። በየትኛው መኪና ማን እንደሚወጣ በእርግጥ የሚወሰነው ስልክ ተቀባይዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ስትጮህ ነበር። የእኔ መዝገብ ከጤና ቢሮ ለሚመጣ ተቆጣጣሪ ነበር።

ተቆጣጣሪውም መጣ። በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገጽ በገጽ አገላበጠ። «አባቴ፣ እንዲህ ያለ መዝገብ አይቼ አላውቅም» አለኝ። የመዝገቡን ገጽ ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ለሌሎች ድርጅቶች ማሳያ እንዲሆን ወሰደ። ያኔ አንቺ ከታች ግቢው ውስጥ የኦክስጅን ሲሊንደሮቹን እየፈተሽሽ ነበር። አሥር ደረጃ ወርዶ የአንዲት መኪና የኋላ በር ቢከፍት ኖሮ እውነቱን ያገኘው ነበር። አልወረደም። እኔም «ይውረዱና ይዩ» አላልኩትም። ቤቴ ገብቼ መመስገኔን ለባለቤቴ በአንድ ምሳ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። «ሰማሁ እኮ» አለችኝ፣ ሦስተኛውን ልጀምር ስል።

አናጺው በሞተበት ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወላዷን ይዘሽ በአንድ ቁጥር ወጣሽ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስለ አናጺው ተደወለ፤ ደረቱን ጨምድዶ ይዞታል፣ መተንፈስ አቅቶታል። ስልክ ተቀባይዋ ቢሮዬ ድረስ መጥታ «ባለሙያ የለኝም፤ ሌላውም በሁለት ቁጥር ወጥቷል። አንችልም ልበላቸው? ሌላ ድርጅት ይጥሩ?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ከወዲያኛው ክፍል «ይሂድ! መዝገቡ ላይ ሰው አለ አይደል?» አለ። ነበረ። የአንቺ ስም ከሰኞ ጀምሮ በሦስት ቁጥር ላይ ተጽፎ ነበር፤ በአንድ ቁጥር ላይ ደግሞ የለቀቀው ልጅ። እኔ ቀና አልኩ፣ አየኋት፣ ዝም አልኩ። «ሌላ ድርጅት ይጥሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚፈለግብኝ። ጥሩንባ የምንለው የሦስት ቁጥር ሾፌር ብቻውን ሄደ።

ከሆስፒታል ስትመለሺ ወላዷ ወንድ ልጅ እንደተገላገለች እየነገርሽን በደስታ ነበር የገባሽው። ማንም ፊትሽን ማየት አልቻለም። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሽልኝ፤ ስምሽ፣ ሰዓቱ፣ የመኪናው ቁጥር፣ የሆስፒታሉ ማኅተም፣ ሁሉም አለበት። በዚያ ሳምንት የካርቦን ወረቀት አልቆብን ስለነበር ቅጂ አልነበረውም።

ቤተሰቡ በከሰሰ ማግስት ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘግቶ አነጋገረኝ። «ቲቸር፣ የድርጅቱ ፈቃድ ከተሰረዘ ሠላሳ ሁለት ሰው እቤቱ ይገባል። እሷ ወጣት ናት። ቢበዛ ተግሣጽ ነው የሚሰጧት።»

«ቅጹስ?» አልኩት።

«የቱ ቅጽ?» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ።

በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ያሰብኩት ስለ መዝገቤ ነው። ተቆጣጣሪው ለማሳያ የወሰደው መዝገብ የውሸት ክምር መሆኑ ሲታወቅ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ቅጹን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አልቀደድኩትም። ይህን የምነግርሽ እንዲቀልልኝ ብዬ አይደለም፤ አንድ ዓመት ሙሉ በእጄ እንደነበር እንድታውቂው ነው።

በሙያ ፈቃድ ኮሚቴው ፊት የሆነውን አንቺም ታስታውሺያለሽ፤ እኔ ግን ከእኔ ወንበር የታየውን ልጻፍልሽ። ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ወርደሽ ወደ ግል ጉዳይሽ እንደሄድሽ ተናገረ። የአንድ ቁጥሩን ሾፌር አስቀድሞ የዓመት ፈቃድ ሰጥቶ ወላጆቹ ዘንድ ልኮታል። ጥሩንባ ተጠየቀና «ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር፤ ከኋላ ማን እንዳለ አላየሁም» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ሰብሳቢዋ ሌላ ማስረጃ እንዳለሽ ስትጠይቅሽ ፊትሽ ፈካ። «የርክክብ ቅጹ አለ። ማኅተም ያለበት ነው። ጋሼ ጋ ነው ያለው» አልሽ። ወደ እኔ ዞረሽ ፈገግ አልሽልኝ።

ሰብሳቢዋ «መምህር፣ ቅጹ በፋይሉ ውስጥ ይገኛል?» አለችኝ።

«በፋይሉ ውስጥ የለም» አልኩ።

ቃል በቃል ሲታይ ልክ ነበር። አዳሩን ሳሰላስለው ያደርኩት መልስ ነው። አንቺ አልጮኽሽም፣ አልተሳደብሽም። «ጋሼ?» አልሽ ብቻ። ሰብሳቢዋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

እኔስ ከዚያ በኋላ ሥራውን ጣልኩ? አልጣልኩም። ስምንት ወር ሠራሁ። በአንቺ ሣጥን ሌላ ስም ሞላሁ። የለቀቅሁትም ጉልበቴ ደረጃውን አልወጣ ስላለኝ እንጂ ሕሊናዬ አስቸግሮኝ አልነበረም።

ያለፈው ወር ጥሩንባ ቤቴ መጣ። አክስትሽ ባለችበት ከተማ በሽተኛ አድርሶ ሲመለስ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ አይቶሻል፤ መሰላል ላይ ቆመሽ የፕላስቲክ ባልዲ ስታወርጂ። እኔ ወንበር ስሰጠው አልቀመጥም አለ።

«አወቀችኝ» አለ። «እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን ምን አለች መሰልዎት? ‹የጋሼ ጉልበት ተሻለው?› አለችኝ።»

ወንበሩን ወደ ቦታው መለስኩት።

«እኔ አፍሬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በር ዘጋሁ። እርስዎስ፣ ቲቸር? ያን ጊዜ እኔን ውሸት ያስዋሸኝ የልጆቼ እንጀራ ነው። እርስዎን ጡረታዎት ያበላዎት የለም እንዴ?»

ባለቤቴ ከጓዳ ትሰማ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ «ምንድን ነው የሚያወራው?» አለችኝ። ነገርኳት። በሕይወቷ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። መሳቢያውን ራሷ ከፍታ ቅጹን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ቀን ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላነጋገረችኝም።

በመጀመሪያ የሄድኩት የአናጺው ሚስት ዘንድ ነው። ያልጨረሳቸው ሁለት መስኮቶች እስካሁን በረንዳዋ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ነገረችኝ። «ሾፌሩ ከፊት ሆኖ ‹የኦክስጅኑን ቁልፍ ወደ ግራ አዙሪው! ወደ ግራ!› ይለኛል። የቱን ቁልፍ? እኔ እቤቴ የጋዝ ምድጃ ለማብራት የምፈራ ሴት ነኝ። አንዱን ሳዞር፣ ሌላውን ሳዞር፣ እጁ ከእጄ ወደቀ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ማንን ነው ስረግም የኖርኩት?»

«ምንም ያላጠፋች ልጅ» አልኳት።

እኔን እንድትረግመኝ ጠብቄ ነበር። «ይውጡልኝ» ነው ያለችው። በር ላይ ስደርስ ግን ጠራችኝ። ጉዳዩ እንደገና ከታየ መጥታ ባለሙያ የሚባል ሰው በመኪናው እንዳልነበረ፣ አንቺንም አይታሽ እንደማታውቅ እንደምትናገር ነገረችኝ። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች።

ቀጥዬ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ዋናውን ቅጽ አስረክቤ ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ስድስት ገጽ ቃል ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ስሞቹን እንዴት እሞላ እንደነበር፣ በየትኞቹ ቀኖች የትኞቹ መኪኖች ያለ ባለሙያ እንደወጡ፣ ያስታወስኩትን ሁሉ። ለተቆጣጣሪውም ለብቻው ጻፍኩለት፤ ከእንግዲህ መዝገብ ከማየቱ በፊት የመኪናውን የኋላ በር እንዲከፍት፣ ያን የወሰደውን የመዝገብ ቅጂም ለማንም እንዳያሳይ። ጥሩንባም ቃሉን ለመለወጥ ተስማምቷል። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሰምቶ ደወለልኝ። «ራስዎንም እኮ ነው የሚከሱት» አለኝ። አውቃለሁ። ምን እንደሚደርስብኝ እስካሁን የነገረኝ የለም፤ የሚደርሰው ይድረስ።

አንድ ነገር ግን እኔ ልሠራው አልቻልኩም። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ወረቀቶቹን አገላብጣ «አባባ፣ እርስዎ ምስክር ነዎት እንጂ ባለጉዳይ አይደሉም። ጉዳዩ እንደገና የሚታየው የታገደችው ባለሙያ ራሷ ፈርማ ስታመለክት ነው» አለችኝ። ጊዜው ማስረጃው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሠላሳ ቀን ነው። አሥራ ሁለቱ አልፈዋል፤ አድራሻሽን ከአክስትሽ እስካገኝ ነው። የማመልከቻውን ቅጽ ከዚህ ጋር አያይዤልሻለሁ። አልሞላሁትም፣ አንድ ቃል አልጻፍኩበትም። የደረሰኙ ቅጂና የጸሐፊዋ ስልክ ቁጥርም አብሮት አለ፤ በእኔ ቃል ሳትተማመኚ ራስሽ ደውለሽ አረጋግጪ።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ያን ብልሽ ሌላ ሥራ ልሰጥሽ ነው፤ የራስሽ ይበቃሻል። ምናልባት ኮሚቴ ፊት ዳግመኛ መቆም፣ የእኔንም ፊት ማየት አትፈልጊ ይሆናል። ያም መብትሽ ነው። ግን ዝምታሽን እሺ ይሁን እምቢ መለየት አልችልም፤ ቀኑ ደግሞ ይሄዳል።

ስለዚህ እባክሽ ይህ እንደደረሰሽ መልሺልኝ። ለእኔ መጻፍ ከከበደሽ ለጥሩንባ ስጪው፤ ሐሙስ በዚያ በኩል ያልፋል፣ መደብሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል። ፈርመሽ ላኪው፤ ወይም «አልፈልግም» ብለሽ ላኪ። ከሁለቱ አንዱን፣ ከሐሙስ ሳያልፍ።

የበደለሽ መምህር