የአሮጊቷ ነዳጅ መስጫ

ውድ አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ዓይንህስ? ፋሻው ተነሳልህ ወይስ ሐኪሙ አሁንም ጠብቅ ይልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብስ ይበላልሃል? እኛ ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ። ይህን የሚያነብልህ ወንድሜ አደራ፣ መሃል ላይ እየሳቀ እንዳያቋርጥብህ፤ ወሬዬ ብዙ ነው።

መኪናህን፣ አሮጊቷን፣ ልንሸጣት ነበር። ባለፈው ሰሞን እማዬን ከገበያ ይዣት ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ እግሬን ባነሳም የነዳጅ መስጫው ፔዳል ወርዶ ቀረ። ሞተሩ ጮኸ፣ አሮጊቷ ሽምጥ ጋለበች። አንተ እንዳስተማርከኝ ፍሬንና ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ማርሹን ነፃ አድርጌ ዳር ያዝኩና አጠፋኋት። እማዬ ወርዳ በእግሯ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች፤ አልሳፈርም አለች። አጎቴ ይህን ሲሰማ ዓይኑን ለታመመ ሰው መኪና ምን ይሠራለታል ብሎ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ሰው ለቅዳሜ ቀጠረ። አባዬ፣ አንጀቴ እርር አለ። እሷ ከተሸጠች አንተም ዳግመኛ አትነዳም ብለን የፈረድንብህ መሰለኝ።

ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቼ ገባሁበት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምንጣፉን ነበር፤ ባወጣውም ፔዳሉ ያው ነው። ፔዳሉን የሚመልሰው ሞላም ደህና ነው። ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ካቦ ከሁለቱም ጫፍ ፈትቼ በእጄ ስስበው ግን መሃል ላይ ሙጭጭ አለ። መዝዤ ሳወጣው ሽቦው ቡናማ ሙጫ ለብሷል። አሸተትኩት። ምን ቢሸት ጥሩ ነው? ሽንኩርት።

እማዬ ጋ ሮጥኩ። ልብስ መስፊያዋ ላይ ነበረች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ለካ ፔዳሉ ሲጢጥ ሲልባት ጊዜ ከመጥበሻ የተረፈ ዘይት ካቦው ውስጥ አጠጥታለች፤ ለበሩም ለመስኮቱም የምታደርገው ይህንኑ አይደል? እሱ ነው ውሎ አድሮ ሙጫ የሆነው። ማን ንኪ አለሽ ብላት፣ አባትሽ ሲመለስ መኪናዋ እየጮኸች እንዳትቀበለው ብዬ ነው አለችኝ። ቁጣዬ እዚያው ቀረ።

መለዋወጫ ሻጩ ልኳ የሆነ አዲስ ካቦ አገኘልኝ። ሳይጣመም አሳልፌ አሰርኩት፤ ሞተሩ እንደጠፋ ፔዳሉን ረግጬ ስለቀው ቷ ብሎ ተመለሰ። ደጋግሜ ረገጥኩት፤ ቷ፣ ቷ። ደስታዬን እንዴት ልንገርህ፣ ብቻዬን መኪና ውስጥ እልል አልኩ። ከዚያም ባዶው ሜዳ ላይ እየዞርኩ ፈተንኳት፤ እግሬን ባነሳሁ ቁጥር አደብ ትገዛለች።

ቅዳሜ አጎቴ ገዢውን ይዞ ከች አለ። ሰውየው ጎማዋን በእግሩ ሲነካካ እማዬ ቦርሳዋን ይዛ ከቤት ወጣች። ማንንም ሳታይ በሩን ከፍታ ገቢና ተቀመጠች። ይህቺ መኪና ባለቤት አላት፣ እሱ ሳይመጣ አትሸጥም አለችው አጎቴን። ወደ እኔ ዞራም ምን ትጠብቂያለሽ፣ ንጂ እንጂ አለችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የበሩን እጀታ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ነበር፤ ግን አልወረደችም።

ወንድሜን ሳምልኝ፤ ለሚስቱም ሰላምታዬ ይድረሳት። ትንሿን፣ ጉልበትህ ላይ የምትወጣዋን፣ ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። አጎቴም እንዳኮረፈ ሰላም ብሎሃል። እማዬን እጅግ ናፍቀሃታል። የአሮጊቷ የኋላ በር ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ ዛሬ የዘይት ጠርሙሷን ይዛ ስትወጣ አየኋትና ልከለክላት ስል ራሷ ተመለሰች። ይህስ ይጩህ፣ መጥቶ በዓይኑ ይየው አለች።

የምትወድህ ልጅህ

ከቤታችን፣ እሁድ ጥቅምት 9