ጋሽ ብርጭቆና የምንጩ ውሃ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወንድማችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው፣ ከምንጩ በላይ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። የተወለዱበትን ዓመት፣ ይህንን የሕይወት ታሪክ ያጻፉት ታላቅ እህታቸው አሳምረው ያውቁታል፤ ከተናገሩት ግን የራሳቸውም ዕድሜ ስለሚታወቅ ይለፍ ብለዋል።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ንጹሕ ነገር ይወዱ ነበር። እጃቸውን ሳይታጠቡ ማዕድ አይቀርቡም፤ እናታቸው "እኔስ ልጅ ሳይሆን ሳሙና ነው የወለድኩት" ይሉ ነበር። ትምህርታቸውን ጨርሰው በአካባቢው ጤና ቦርድ የንጽሕና ተቆጣጣሪ ሆኑ። የሽንት ቤት ጉድጓድ የት ይቆፈር፣ ቆሻሻ የት ይደፋ የሚለውን ቦርዱ እጅ እያወጣ ይወስናል። ከዚያ በፊት ግን ፍሳሹ ወደ ውሃ ይደርስ እንደሆነ ለማየት አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ቀለም ይደፋል። ታች ያለው ውሃ ከቀላ ፈቃድ የለም፤ ካልቀላ ይፈቀዳል።

በዚያን ጊዜ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሴት ልጅ ልባቸውን ወስዳው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀ ቢኖር እህታቸው ነግረውታል። አባትየው ከምንጩ በላይ ትልቅ የፍሳሽ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ "ሠርጉ እዚሁ ነው፤ እንግዳዬ ሜዳ ይውጣ ወይ?" እያሉ ቦርዱን ያጣድፋሉ። ወንድማችን በበጋ ቀለሙን ደፉ። ምንጩ ኩልል እንዳለ ቀረ። ከቦርዱ አባላት አንዱ፣ ግንበኛው፣ "ደረቅ መሬት ምን ይናገራል? ክረምቱን እንጠብቅ እንጂ" ቢሉ፣ ወንድማችን "ኧረ ጋሼ፣ ሙሽራዬን እስከ ክረምት ማን ያስቀምጥልኛል!" ብለው ስብሰባውን አሳቁት። ድምፁ እኩል ተከፍሎ ነበር። የወንድማችን እጅ ወጣና ተፈቀደ። ወዲያው አገቡ፤ ሠርጉም አማረ።

ክረምት ገባ። መጀመሪያ የታችኛው ሰፈር ልጆች ሆዳቸውን ታመሙ። ቤቷ ምንጩ ፊት ለፊት የሆነው የልብስ ሰፊዋ አንዲት ልጅ፣ የወተት ጥርሷ ገና መነቀል የጀመረው፣ አልተረፈችም። ምንጩ የቀላው እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ በብርጭቆ ቀድታ፣ ቦርዱ ተሰብስቦ ሳለ ገባችና ወንድማችን ፊት አስቀመጠችው።

"ይኸው ጌታዬ፣ ቀለምህ ደረሰ" አለች።

ወንድማችን ፈቃዱን ራሳቸው አሰረዙ። የአማታቸውን ጉድጓድ አስመጥጠው አስደፈኑ፤ አማትየውም እስኪሞቱ አኮረፏቸው። ሌላ ጉድጓድ ራቅ ብሎ እስኪቆፈር ድረስ ቤተሰቡ በሙሉ እህታቸው ሽንት ቤት በር ላይ ይሰለፍ ነበር። እህታቸውም ያን ሰሞን ያመለጣቸው ወሬ የለም።

ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተባለ። እሳቸው ግን አላመኑም። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆውን ወደ መስኮት አንስተው ሳያዩ ጠጥተው አያውቁም፤ የሰፈር ልጆች "ጋሽ ብርጭቆ" ያሏቸው ለዚህ ነው። ዝናብ በጀመረ ቁጥር ምንጩ ዘንድ ወርደው ይቀዱና ወደ ብርሃን ያነሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና በመስኮት ታያቸዋለች። ሰላም አትላቸውም። ቤት ሲገቡ ደግሞ ጆሯቸውን ወለሉ ላይ ያደርጋሉ።

"ይሰማሻል?" ይሏቸዋል ባለቤታቸውን።

"ምኑ?"

"እየወረደ ነው።"

ጉድጓዱ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ! የሚገርመው፣ እያደር ባለቤታቸውም "ዛሬስ ይሰማል" ማለት ጀመሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ኩላሊታቸውን ታመሙ። ሕመሙ ሲጠናባቸው የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ "ላይኛው መቃብር፣ ከአባባ አጠገብ እንዳታስቀምጡኝ። ከምንጩ በላይ ነው። እኔም እወርዳለሁ።" ወንድ ልጃቸው "አባዬ፣ እዚያ መቅበር እኮ ቦርዱ ፈቅዷል" ቢላቸው፣ "ቦርዱ? ቦርዱ እኔ ነበርኩ" አሉት።

ከምንጩ በታች ያለው መቃብር ጠባብ ነው። የቀረችው አንዲት ቦታ፣ ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ጎን ለራሷ ያስቀመጠቻት ናት። እህታቸው ሊለምኑ ሄዱ። ወሬ የማያልቅባቸው ሴትዮ በር ላይ እንደቆሙ ቦታዋን ብቻ ጠየቁ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ሳታቆም ብዙ ሰፋች፤ ኋላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና፣

"ቦታዋን ይውሰዷት" አለች። "ግን ልጄ ሌሊት ውሃ ውሃ ስትል፣ እሳቸው ይነሱ።"

"እንዲህ ብዬ ልንገራቸው?"

"እንዲሁ ይንገሯቸው።"

ተነገራቸው። "እነሳለሁ" አሉ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ትንፋሻቸው አበቃ።

ባለቤታቸውን፣ ወንድና ሴት ልጃቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ደግሞም መቅደም የነበረባቸውን ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ አስከሬናቸውን ይዘን ቁልቁል የወረድነው ለዚህ ነው፤ በሹክሹክታ ስትጠያየቁ የነበራችሁ፣ ይኸው ተነገራችሁ።

ነፍሳቸውን ያሳርፍልን እንዳንል፣ እነሳለሁ ብለው ቃል ገብተዋል። እንግዲያስ ፈጣሪ፣ ሲነሱ የሚቀዱላትን ውሃ ንጹሕ ያድርግላቸው።