ሞግዚት ቅጠሪ ያልኩሽ ቀን

ውድ ልጄ፣

ኧረ እኔ ውሻ አልጠላም! ማን «ትጠያለሽ» አለሽ ብትዪኝ፣ ማንም። ግን ሳልታማ ልናገር ብዬ ነው። ውሻ ግቢ ሲጠብቅ ደስ ይለኛል። ለካፖርት ልኩን ሲያስለካኝ ግን አንገሸገሸኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት የአራስ ልጅ ልብስ የሰፋሁት እዚችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዘንድሮ የሕፃን ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ሦስት ብቻ። የውሻውን አልቆጥርልሽም። ባለፈው ማክሰኞ አንዷ ለውሻዋ ካፖርት ልታሰፋ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው አለችኝ። ውሻዋን አንስታ፣ የአራስ ቆብ ልቆርጥበት ያነጠፍኩት ጨርቅ ላይ ጉብ አደረገችው። ለሃጩ ተዝረከረከ።

«ደረቱ ጋ ላላ ይበልልኝ እማማ፤ ልጄ ሲጠብቀው ያለቅሳል» አለችኝ። ልጄ!

«የወለድሽውስ የለም?»

«የለኝም። ግን ሰው ለምን መውለድ እንደተወ ነው የማጠናው።»

«እና ለምንድነው?»

«ተፈጥሮ ‹ልጅ አምጡ› ብላ ብቻ አልተወችንም እማማ። ወንድና ሴት እንዲፈላለጉ አደረገች፤ ሕፃን ስናይ ደግሞ እንድንራራ። የወሊድ መከላከያው መጣና በመፈላለጉና በመውለዱ መሃል ያለውን ቆረጠው። ርኅራኄው ግን አለ፤ ዓይኑ ትልቅ፣ ፊቱ ክብ የሆነ ነገር ሁሉ ይወስደዋል» አለችና የውሻውን አፍንጫ ሳመችው።

«ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እኔ ባገባሁ በሳምንቱ ነው የገባኝ» አልኳት። ሳቀች። እኔ የት ልሳቅ፤ የውሻ ጸጉር ከምላሴ ላይ እየለቀምኩ ነበር።

ይሄ ሁሉ ምንም አይደል። ልትወጣ ስትል ነው የወጋችኝ። «አብዛኛው እንስሳ መውለድ ካቆመ ብዙም አይቆይም። ሴት ግን ከዚያ በኋላም ረጅም ዘመን ትኖራለች። ለምን ይመስልዎታል? አንዳንዶቻችን የልጅ ልጅ እንድትይዝ ነው እንላለን። እናቷ አጠገቧ የሌለች ሴት ሁለተኛ መውለድ ብትፈራ አይፈረድባትም።»

እኔ እስካሁን ያለሁት ሞግዚት ልሆን ነው? ቀፈፈኝ። ልሰድባት አፌን ከፈትኩ። እኔ፣ ሰፈሩ ለሙያዬ ሳይሆን ለምላሴ ብሎ «እማማ መርፌ» የሚለኝ ሴትዮ፣ ስድቡን ትቼ በሩን ከፈትኩላት። አንቺ ነሻ ትዝ ያልሽኝ።

አምና ትንሿን የልጅ ልጄን ይዘሽ መጥተሽ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ እየመረጥሽልኝ ነበር። ቀና ሳትዪ «እማ፣ አጠገቤ ብትሆኚ አንድ ልጅ እጨምር ነበር» አልሽ። እኔ ደግሞ ስፒል በአፌ ይዤ፣ «አንቺን አሳድጌ ወገቤ አልቋል። ሞግዚት ቅጠሪ!» አልኩሽ። ሳቅሽ። የጥርስ ሳቅ። አይቼዋለሁ ልጄ፤ አይቼ ነው ያለፍኩት።

ከዚያስ ምን አደረግሁ? በየጎረቤቱ ዞሬ «አንድ ወልዳ በቃኝ አለች፤ የዘንድሮ ሴት ቅምጥል!» እያልኩ አማሁሽ። ከንፈር መጠጡልኝ። ልጅ ሳለሽም መርፌ በወጋኝ ቁጥር «አንቺን ባልወልድ የት በደረስኩ!» እል ነበር። ያን እየሰማሽ አደግሽ። እንግዲህ መውለድን ያስጠላሽ ማነው? መከላከያው? ባለውሻዋ? ከውሻው ለሃጭ በላይ የገዛ አፌ ቀፈፈኝ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። ውሸት! ልጅ የሚያድገው በሰው እጅ ነው። እኔ እጄን ነፈግኩሽ።

ውለጂ አልልሽም። ስለ ማህፀንሽ ከእንግዲህ ትንፍሽ አልልም፤ ካልኩ ስፒሉን አስጎርሺኝ። ጊዜው አልፎብሽ ከሆነም ንገሪኝ፤ ከፍቶኝም ቢሆን እሰማዋለሁ። አንድ ወለድሽ ሁለት፣ እናንተ ጋ ልኖር እመጣለሁ። ትንሿን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ባልሽን ብቻ አስጠንቅቂው፤ ጠዋት ጠዋት ብዙ አወራለሁ።

ቆይ፣ ጎረቤቴ ከውጭ እየጮኸች ነው። «እማማ መርፌ! የስፌት መኪናሽን ሊገዛ የመጣ ሰውዬ በር ላይ ቆሟል! ልመልሰው?»

ሐሳቤን ሳልቀይር ሄጄ ልክፈትለት።

እናትሽ