የቀኙ እርካብ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 12፣ ረፋድ ላይ

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። የዘገየሁት ታምሜ አይደለም፤ አትደንግጪ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። እናትሽ ግን ማጉረምረሟን ትታለች፤ ለምን እንደሆነ ደብዳቤውን ወደ ታች ስታነቢ ትደርሺበታለሽ። ጽሕፈቴ ቢወላገድብሽ ደግሞ ቀኝ እጄ በጨርቅ ስለተጠቀለለ ነው። እሱንም እነግርሻለሁ።

ልጅሽ ፈረስ መጋለብ መጀመሯን ሳነብላት እናትሽ ብድግ ብላ ወጣች። እኔ ደግሜ አነበብኩት። ልጅቷ ፈረሱ ላይ ስትወጣ አንቺ ከአጥሩ ውጭ እንደምትቆሚ፣ «እማዬ፣ አንቺ ለምን እርካብ አትይዢልኝም?» እንዳለችሽ ጽፈሻል። «አባዬ፣ እርካብ ያዥ የሚባለው ነገር ከየት የመጣ ነው? ምን ብዬ ላስረዳት?» ብለሻል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የወንድሜን ኮርቻ «ወይ ላክልኝ ወይ አቃጥለው» አልሽ።

ከቃሉ ልጀምር፤ እሱ ይቀለኛል።

እርካብ ያው የምታውቂው ነው፣ ጋላቢ እግሩን የሚያስገባበት ብረት። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ «ስሙ ከመረከብ ነው፤ ፈረሱ ሰውየውን የሚረከበው በሱ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ኮርቻ ሊያሠራ የመጣ አስተማሪ ይህን ሰምቶ ሳቀና፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎችም የሚቀራረብ ቃል እንዳላቸው፣ በነሱ ዘንድ ነገሩ ከመጋለብ እንደሚመጣ ነገረን። የቱ ልክ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ኮርቻ ሠሪ ነኝ እንጂ መዝገበ ቃላት አይደለሁም።

እርካብ ያዥ ግን፣ ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ ድሮ ትልቅ አደራ ነበር። ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ነው። ክብደቱ ሁሉ በግራ ሲያርፍ ኮርቻው እንዳይዞር አንድ ሰው በቀኝ ቆሞ ሌላኛውን እርካብ ወደ ታች ይጫናል። ያ ሰው ከፈረሱ ማዶ ስለሆነ ጋላቢው አያየውም። ስለዚህ ጠላት ያለው ሰው ቀኝ እርካቡን ለወንድሙ፣ ለእህቱ ወይም ለልጁ እንጂ ለሌላ አይሰጥም ነበር። የሚተማመኑት በድምፅ ነው። የሚወጣው «ያዝክ?» ይላል፣ የሚይዘው «ይዣለሁ» ይላል። መልሱ ሳይሰማ እግር አይነሳም።

እኛም ቤት ሕጉ ይኸው ነበር። ወንድምሽን ሶምሶማ ያልነው ከአልጋው እስከ በሩ እንኳ ረግጦ መሄድ ስለማያውቅ ነው። እሱ «ያዝሽ?» ሲል አንቺ ጎረቤት እስኪሰማ «ይዣለሁ!» ትዪ ነበር። እሱ አሥራ ሁለት፣ አንቺ ዘጠኝ ዓመታችሁ ነበር።

አሁን ወደ ኮርቻው ልምጣ። አላቃጠልኩትም። ወንድምሽን ከቀበርነው ቀን ጀምሮ ሥራ ቤቴ ጥግ፣ ኮርቻ የማስቀምጥበት የእንጨት ፈረስ ላይ ነው። ስሠራለት እያደገ ሲሄድ እንዲያስረዝመው ብዬ እርካቦቹ የሚንጠለጠሉባቸው ጠፍሮች ላይ አሥር አሥር ቀዳዳ በስቼ ነበር። የሞተ ቀን ዘለበቶቹ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ነበሩ።

በዓመቱ አቧራ ልጠርግ ስጠጋ አራተኛው ላይ ናቸው። እናትሽ የነካቻቸው መስሎኝ ጠየቅኳት። «እኔ እዚያ ቤት እግሬን አላስገባም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ወደ ሦስተኛው መለስኳቸው። በማግስቱ አራተኛው ላይ ናቸው። የበሩ ቁልፍ አንድ ነው፣ እሱም ከኪሴ አይወጣም። በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛው፣ ከዚያ ስድስተኛው። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው «ቆዳ ይለጠጥ የለም እንዴ፣ ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ቆዳ ይለጠጣል። ዘለበት ግን ራሱን ፈትቶ ራሱን አያስርም።

አሥረኛው ላይ ደርሶ ቆመ። ብትቆጥሪው ልጁ ቢኖር አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እግር ማደግ የሚያቆምበት ዕድሜ።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብረቱ ነው። የግራው እርካብ መርገጫ በየቀኑ እንደሚረገጥ ሁሉ ያብለጨልጫል። የቀኙን ዝገት በልቶታል፤ የሚይዘው የለማ። ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ያ ነገር በሆነበት ሰዓት፣ ኮርቻው ሲጢጥ ይልና ወደ ግራ ትንሽ ያጋድላል። ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሃያ ስድስት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው መዶሻዬን ጠንከር አድርጌ ስመታ ኖርኩ።

የፈራሁት እሱን እንዳይመስልሽ። ልጄን ምን ብዬ እፈራዋለሁ? የፈራሁት አንቺን ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ኮርቻውን ከፈረሱ ሆድ ጋር የሚያስረው ጠፍር ስፌቱ ላልቶ አየሁ። አዲሱ ቆዳ ገና አልደረቀም፣ ልጁ ደግሞ ቸኩሏል። አሮጌውን ጠፍር በአሮጌው ቀዳዳ መልሼ ሰፋሁት። ወስፌ የደጋገመው ቆዳ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተላቆ እንደሚቀር የሙያው ጀማሪ እንኳ ያውቃል። እኔ «ለዛሬ ይበቃል» አልኩ። ልጁ ሲወጣ ተበጠሰ፣ ኮርቻው ዞረ፣ ልጁ ከፈረሱ እግር ሥር ወደቀ። ሮጬ ስደርስ መጀመሪያ ያነሳሁት ልጄን አይደለም። ጠፍሩን ነው። ኪሴ ከተትኩት። እናትሽ እየጮኸች ስትደርስ «ልጅቷ ለቀቀችው» አልኩ። ያልኩት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አለልኝ።

ወዲያው እናትሽ መዳፍሽን ስታጥብልሽ አይቻለሁ። ቆዳው ከአውራ ጣትሽ ሥር እስከ አንጓሽ ተገሽልጦ ነበር። የለቀቀ ሰው መዳፉ አይገሸለጥም። ኮርቻው እየዞረ እንኳ እንደያዝሽ ነበርሽ። ይህን አውቄ ዓይኔን በጨው አጥቤ አሳደግኩሽ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሠርግሽ ላይ መረቅኩሽ።

ቅዳሜ ለእናትሽ ነገርኳት። «እኔን ተወኝ፤ ለሷ ጻፍላት» አለች። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። አልፈርድባትም።

ትናንት ከምሳ በኋላ ሥራ ቤት ገብቼ በቀኝ በኩል ቆምኩና ዝገታሙን እርካብ ጨበጥኩት። ኮርቻው ሲጢጥ አለ፣ ወደ ግራ አጋደለ፣ ጠበቀ። ድምፅ ሰማሁ ብዬ አልዋሽሽም። ከማዶ አንድ ሰው መልስ እየጠበቀ መሆኑ ግን ይታወቅ ነበር።

«እህትህ አልለቀቀችህም» አልኩት። «ጠፍሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ይዣለሁ።»

ያኔ ክብደቱ መጣ። የልጅ አልነበረም፤ የሙሉ ሰው ክብደት ነው። ብረቱ መዳፌን እየላጠ ወደ ላይ ጎተተኝ፣ እንጨቱ ተንቋቋ። አለቀስኩ፣ ግን አልለቀቅኩም። ከዚያ በአንዴ ቀለለኝ። በሩ እንደተዘጋ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሳየው የግራው እርካብ መርገጫ ደብዝዟል። ዘለበቶቹ የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ናቸው፣ ማንም አስሮበት የማያውቀው ቀዳዳ ላይ። ደብዳቤሽ ውስጥ የልጅቷን ክንድ የለካሽበትን ክር ልከሽልኝ ነበር፤ የእርካብ ጠፍር ርዝመት የሚለካው በጋላቢው ክንድ ነውና፣ እንዳስተማርኩሽ ከጣቷ ጫፍ እስከ ብብቷ፣ መጨረሻው ላይ ቋጠሮ ያለው። እስከ ዛሬ ከፖስታው አላወጣሁትም ነበር። አውጥቼ ጠፍሩ ላይ ዘረጋሁት። ቋጠሮው ልክ ዘለበቱ ላይ አረፈ። እኔ አልነካሁትም፣ ልጄ። በሕይወት ባለችው ልጅሽ እምልልሻለሁ።

ይህ ደግ ነገር ይሁን ክፉ አላውቅም። አዲስ የሆድ ጠፍር ከአዲስ ቆዳ ቆርጫለሁ፣ እጄ ሲሽር በአዲስ ቀዳዳ እሰፋዋለሁ። ላከው ካልሽ እልከዋለሁ፣ አቃጥለው ካልሽ አቃጥለዋለሁ። አባቴ አይደለህም ካልሽኝም መብትሽ ነው፤ ደብዳቤዬን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በዚህም ኮርቻ ይሁን በሌላ፣ ልጅቷ ነገ ፈረስ ላይ ስትወጣ ከአጥሩ ውጭ አትቁሚ። ግቢና በቀኝ በኩል ቁሚላት። «ያዝሽ?» ስትልሽ እንደ ድሮሽ ጮክ ብለሽ መልሺላት። እጅሽ መያዝ ያውቃል። ያን ቀንም ይዘሽ ነበር።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ልጅሽን ከመውደቅ ይጠብቅልሽ፣ የሰረቅኩሽን እንቅልፍ ይመልስልሽ።

ጠፍሩን የሰፋው
አባትሽ